ምስር ለቃሚው

የእህቴ ልጅ አሜሪካ ውስጥ «ፖስትዶክ» ነው። ይህን ቃል ለዘመድ አዝማድ ማስረዳት የእኔ ዕጣ ሆኗል። ተማሪ ነው እንዳልል ዶክትሬቱን ከያዘ አራት ዓመት ሊሞላው ነው። መምህር ነው እንዳልል ወንበሩ የሱ አይደለም። በአንድ ፕሮፌሰር የምርምር ገንዘብ፣ ለሁለት ለሁለት ዓመት እየፈረመ የሚሠራ ተመራማሪ ነው። ውሉ ላይ «እንደ በጀቱ ሁኔታ ሊራዘም ይችላል» የምትል ሐረግ አለች። እሷን ያነበበ ሰው ሶፋ አይገዛም። እሱም አልገዛም።

እህቴ ግን ለጎረቤት አጭር መልስ አላት። «የወርቅ ማዕድን ውስጥ ነው የሚሠራው» ትላለች። አልዋሸችም እኮ! መሣሪያቸው የተተከለው ደቡብ ዳኮታ፣ ሊድ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ሆምስቴክ በተባለው የወርቅ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ማዕድኑ እ.ኤ.አ. በ2002 ተዘግቷል። ዛሬ እዚያ፣ 1,500 ሜትር ገደማ ከመሬት በታች፣ የሚፈለገው ሌላ ነገር ነው።

«ዳርክ ማተር» ይሉታል። ጨለማ ቁስ ብንለው ያስኬዳል፤ ነገር ግን ጨርሶ የማይታይ ነው። ፍሪትዝ ዝዊኪ በ1933፣ ቬራ ሩቢን ደግሞ በ1970ዎቹ ሰማዩን አይተው፣ ጋላክሲዎችም ሆኑ በውስጣቸው ያሉት ከዋክብት በሚታየው ቁስ ስበት ብቻ ሊያዙ በማይችሉት ፍጥነት እንደሚሄዱ አስተዋሉ። የሆነ የማናየው ነገር ይዟቸዋል። በዛሬው ስሌት በዓለማት ካለው ቁስ ከመቶ 85 ያህሉ ይኸው ነው። እኛ፣ ፀሐይና ተራራው ሁሉ ተደምረን ቀሪዎቹ 15 ነን ማለት ነው።

ታዲያ እነ ልጃችን ኤልዚ በሚባለው መሣሪያ 10 ቶን ፈሳሽ ዜኖን አጠራቅመው ይጠብቃሉ። ያ የማይታየው ነገር አንዱን አቶም ገጭ ቢያደርግ ትንሽ ብልጭታ ይታያል። ዓለቱ ከሰማይ የሚወርደውን ጨረር ይከላከልላቸዋል። ደስ ያለኝ ግን የጨዉ ነገር ነው። ተመራማሪው ጓጉቶ የሌለውን እንዳያይ፣ መረጃው ውስጥ ሐሰተኛ ምልክት ይነሰነሳል። «ጨው» ነው የሚሉት። የትኛው ጨው እንደሆነ የሚገለጠው መጨረሻ ላይ ነው። እስቲ እኛም ቤት ስንቱ ወሬ ጨው በሆነ!

እ.ኤ.አ. በኦገስት 2024 የ280 ቀናት ውጤት ወጣ። እህቴ ደወለች።

«ምን አገኛችሁ?»

«ምንም፣ እማዬ።»

«ታዲያ ለምን ይከፍሏችኋል?»

ልጁ ሳቀና፣ «ምስር ስትለቅሚ ጠጠር የለውም ለማለት ሁሉንም ማየት የለብሽም?» አላት።

«እኔስ ለቅሜ ወጥ እሠራበታለሁ» አለች።

እኔ «ምንም» በሚለው ቃል አላፍርም። በትክክል ተፈልጎ «እዚህ የለም» የተባለ ነገር ዕውቀት ነው፤ ቀጣዩ ሰው ሌላ ጥግ እንዲፈልግ ያደርገዋል። የሚከነክነኝ ሌላ ነው። ፍለጋው የአሥርት ዓመታት፣ የፈላጊው ውል ግን የሁለት ዓመት መሆኑ። ጽሑፉ ሲታተም ስሙ ከመቶ በላይ ከሆኑ ስሞች መሐል በፊደል ተራ ይቀመጣል። ቪዛው፣ ትዳሩ፣ የቤት ኪራዩ ግን የብቻው ነው።

ውሉ በሰኔ ያልቃል። አንድ የሶፍትዌር ኩባንያ የደመወዙን እጥፍ ሊከፍለው ጠይቆታል። ለእናቱ ሳይሆን ለእኔ ነው የነገረኝ። ላበረታታው ብዬ ሬይመንድ ዴቪስን አነሳሁበት። ዴቪስ በዚያው ጉድጓድ፣ ከ1960ዎቹ ጀምሮ፣ በልብስ ማጠቢያ ፈሳሽ በተሞላ ጋን ከፀሐይ የሚመጡ ኒውትሪኖዎችን ሲቆጥር ከተጠበቀው ሲሶውን ብቻ አገኘ። ሰላሳ ዓመት ያህል «የሆነ ቦታ ተሳስቶ ይሆናል» እየተባለ ቆየ። ትክክል እንደነበር ታወቀና በ2002 ኖቤል ተሸለመ።

«ጋሼ፣» አለኝ ልጁ፣ «ዴቪስ እኮ ቋሚ ሥራ ነበረው።»

እውነቱን ነው፤ ብሩክሄቨን ቤተ ሙከራ ቋሚ ተቀጣሪ ነበር።

ሁለት ሳምንት ዝም ብሎ ሰነበተና ጣሊያን፣ ግራን ሳሶ ተራራ ሥር ላለው ሌላ የዜኖን መሣሪያ ማመልከቻ ማስገባቱን ጻፈልኝ። ካገኘ ሁለት ዓመት ነው፤ ሊራዘምም ይችላል። የኩባንያውንም ደብዳቤ ገና አልመለሰም። ለእህቴ የጣሊያኑን ብቻ ነገርኳት።

«ጣሊያን ይሻላል፣» አለች፣ «ቅርብ ነው። ለፋሲካ ይመጣል።»