የእሳት ራትና ስሙ

ሌሊት በመብራት ዙሪያ እየከነፈ መጥቶ ክንፉን የሚያቃጥለውን ትንሽ ፍጥረት አባቶቻችን «የእሳት ራት» አሉት። ሌላውን ፍጥረት በመልኩ ወይም በጠባዩ ሲሰይሙት ይህን ግን በአሟሟቱ ሰየሙት። የስሙን ማማር የሚክድ የለም። ይሁን እንጂ ስሙ ከመብራቱ ዙሪያ አያልፍም፤ ፍጥረቱ ቀን የት እንደሚውል፣ በእጭነቱ ዘመን ምን እንደሚበላ፣ ከማን ወገን እንደሚወለድ አይነግረንም። ጨርቅ ሲበላ ብናገኘው ብል፣ እህል ሲበላ ብናገኘው ነቀዝ ብለነው እናልፋለን። ነቀዝ የምንለውም ብዙውን ጊዜ ጥንዚዛ እንጂ የእሳት ራት አይደለም፤ ሁለቱ ግን በአንድ ስም ተጠቅልለው ይኖራሉ። እኛም ከነዚህ ስም ካነሣቸው ፍጥረታት ስለ አንዱ ቤተሰብ ጥቂት ለመጻፍ ያሰብነው የስም ማነስ በእርሻና በጎተራ ላይ የሚያመጣውን ጉዳት ስላየን ነው።

ቤተሰቡ በሊቃውንት ዘንድ ጌሌኪዴ ይባላል። ስሙን በ1854 ያወጣው ሄንሪ ስቴይንተን የተባለው እንግሊዛዊ ሲሆን (በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)፣ መነሻ ያደረገው ጀርመናዊው ያኮብ ሂብነር በ1825 ጌሌኪያ ብሎ የሰየመውን ወገን ነው። ቃሉ ከግሪክ የተገኘ ሆኖ «በምድር ላይ የሚተኛ» ማለት ነው። የቤተሰቡ አባላት እስካሁን ስም የወጣላቸው ብቻ ከ4,700 በላይ ዝርያዎች ሲሆኑ በ500 ያህል ወገኖች ተመድበዋል። ብዙዎቹ ክንፋቸው ተዘርግቶ ሲለካ ከ2 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም፤ ቀለማቸውም ገለባ፣ አመድ ወይም አፈር የሚመስል ስለሆነ ግንብ ላይ ቢያርፉ ዓይን አይጥልባቸውም።

ታዲያ እንዲህ ያለውን ትቢያ የሚያህል ፍጥረት ከሌላው ለይቶ «ይህ የጌሌኪዴ ልጅ ነው» ለማለት እንዴት ይቻላል? ምልክቱ ሁለት ነው። አንደኛው፣ የኋለኛው ክንፍ ጫፉ አጠገብ ወደ ውስጥ ጎድጎድ ብሎ ቀርቶ ጫፉ እንደ ጣት መውጣቱ ነው። ሁለተኛው፣ ከአፉ ፊት ያሉት ሁለት ዳሳሾች ረዝመውና እንደ ማጭድ ታጥፈው ወደ ግንባር መውጣታቸው ነው። የሚገርመው ሕዝቦች ከነዚህ ምልክቶች እየመረጡ የየራሳቸውን ስም ማውጣታቸው ነው። ሩሲያውያን የክንፉን ጉድጓድ አይተው በዚያ ሰየሙት፤ ጀርመኖች የአፉን ዳሳሾች መረጡ፤ አሜሪካኖች ደግሞ አንዳንዶቹ ቅጠል ላይ ሲያርፉ በያሉበት መሽከርከራቸውን ተመልክተው «ተሽከርካሪዎች» አሏቸው። አንዱ ክንፍ፣ አንዱ አፍ፣ አንዱ እስክስታ አየ ማለት ነው።

የመመደብ ሥራ ለእኛ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ ሊሆን አይገባም ነበር። የአገራችን ሰው ለጋብቻ እስከ ሰባት ቤት ዘር ሲቈጥር የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ሁለት ሰዎች መልካቸው ቢመሳሰል ዘመድ ናቸው አይልም፤ መልካቸው ቢለያይም ባዕድ ናቸው አይልም፤ የት ላይ እንደሚገናኙ ይጠይቃል። ሊቃውንቱም እንዲሁ ከዝርያ ወደ ወገን፣ ከወገን ወደ ቤተሰብ ይወጣሉ። ልዩነቱ የእሳት ራት አያቱን ሊነግረን አለመቻሉ ነው፤ ስለዚህ ሊቁ ራሱ ከአካሉ ያነብበዋል።

ይህ ቤተሰብ የሚያስገርመው በመልክ ሳይሆን በኑሮ መለያየቱ ነው። አንዱ እጭ ቅጠልን በሐር ክር ሰፍቶ ድንኳን ይሠራል። ሌላው በቅጠሉ ሁለት ቆዳዎች መካከል ገብቶ ሥጋውን ብቻ እየበላ መንገድ ያበጃል። አንዱ ፍሬ፣ አንዱ ሥር፣ አንዱ እንቡጥ ይሰረስራል፤ የድንጋይ ላይ ሽበት በልቶ የሚያድግም አለ። በሰሜን አሜሪካ አንድ ቢጫ አበባ ባለው ተክል ግንድ ውስጥ የሚያድገው እጭ ግንዱ በዙሪያው እንደ እብጠት እንዲያድግለት ያደርጋል፤ ከዚያም ወደ ሙሽሬነት ከመለወጡ በፊት የመውጫ በሩን አስቀድሞ ሰርስሮ በስሱ ይደፍነዋል። ምክንያቱም ክንፍ ካበቀለ በኋላ መሰርሰሪያ አፍ አይኖረውም። ክንፍ እንደሚያወጣ የሚያውቅ እጭ ምን ዓይነት አእምሮ አለው ብለን ብንጠይቅ መልሱን የሚሰጠን ያለ አይመስለንም፤ ለመደነቅ ግን መልስ አያስፈልግም።

ይኸው በር የማበጀት ጥበብ በአገራችን ጎተራም አለ። ባደግንበት መንደር ለዘር የሚሆነው በቆሎ ከነሽፋኑ እየተቋጠረ ከምድጃው በላይ ይሰቀል ነበር፤ ጭሱ ይጠብቀዋል ይባላል፤ ይጠብቀዋልም። በአንድ ዓመት ግን የቤቱ ማገር ስላልበቃ የተረፈው ዘር በጎተራ ተቀመጠ። በሚያዝያ ጎተራው ሲከፈት ገለባ የመሰሉ ጥቃቅን የእሳት ራቶች እንደ ትቢያ ቦነው ወጡ። እናታችን እፍኝ ዘግነው ወደ በሩ ብርሃን አቀረቡትና እያንዳንዱን ፍሬ በጥፍራቸው ገለበጡት። በፍሬው ጎን ላይ በወረንጦ የተበሳ የሚመስል ክብ ቀዳዳ ነበረ። «ይኼ ዘር አይደለም፤ ቅርፊት ነው» አሉ። የዚያን ዓመት ዘር ከጎረቤት በብድር መጣ፤ በመከርም በአንዱ ቁና ሁለት ቁና ተከፈለ። ነቀዙን በስሙ የጠየቀው ሰው አልነበረም፤ «ነቀዘ» ተባለና ነገሩ አለቀ።

ያ ፍጥረት ሲቶትሮጋ ሴሪያሌላ ይባላል። በ1789 የመጨረሻ ስሙን የሰጠው ፈረንሳዊው ኦሊቪዬ ነው። ሲቶትሮጋ በግሪክ «እህል በል» ማለት ነው፤ በቋንቋችን ቢጠራ ምን ያህል ያምር እንደ ነበር አንባቢ ይፍረድ። ሴቲቱ እንቁላሏን በእህሉ ላይ ትጥላለች፤ ብዙ ጊዜም ገና እህሉ በማሳ ላይ ሳለ ትጀምራለች፤ ስለዚህ ገበሬው ንጹሕ ነው ብሎ ወደ ጎተራ የሚያገባው እህል ጠላቱን ይዞ ይገባል። ከእንቁላሉ የወጣው እጭ ከፀጉር የቀጠነ ነው። አንድ ፍሬ መርጦ ይገባል፤ ዕድሜውንም ሁሉ በዚያች በአንዲት ፍሬ ውስጥ ይጨርሳል። ውስጧን ከበላ በኋላ እስከ ቅርፊቱ ድረስ ክብ በር ሰርስሮ የላይኛዋን ስስ ቆዳ ብቻ እንደ መስኮት ያስቀራታል። ክንፍ ሲያበቅል መስኮቷን ገፍቶ ይወጣል። ከወጣ በኋላ እህል አይበላም፤ ገበሬው የሚያየው ግን ያንን የማይበላውን ነው።

በፈረንሳይ አገር አንጉሙዋ በተባለው አውራጃ ይህ ነፍሳት በ18ኛው መቶ ዓመት ስንዴውን እያወደመ ሕዝቡን ስላስጨነቀ፣ በ1760 የንጉሡ የሳይንስ አካዳሚ ዱአሜል ዱ ሞንሶን እና ቲዬን መርምረው እንዲመጡ ላካቸው። ሁለቱ ሰዎች የነፍሳቱን ታሪክ በ1762 መጽሐፍ አድርገው አሳተሙ፤ እህሉንም በምድጃ ሙቀት ማድረቅን መከሩ። አንድ መንግሥት ሊቃውንቱን ስለ አንዲት ትንሽ የእሳት ራት ብሎ ወደ ገጠር መላኩን ስናነብ ቀናን ብንል አናፍርም። ከምድጃ በላይ ዘር የምትሰቅለዋ የአገራችን ሴት ምክሩን ከነርሱ አልተማረችም፤ ሆኖም መንገዳቸው አንድ ነው።

ወደ ስም አውጪዎቹ እንመለስ። ከሁሉ የበለጠ ብዙ ስም ያወጣው ኤድዋርድ ሜሪክ ነው። ቤተሰቡ በተሰየመበት በ1854 ተወለደ። ሥራው መምህርነት ነበር፤ በእንግሊዝ አገር በማርልበሮ ትምህርት ቤት ላቲንና ግሪክ ያስተምር ነበር። በትርፍ ጊዜው ግን ከዓለም ዳርቻ ሁሉ የሚላኩለትን ጥቃቅን የእሳት ራቶች እያየ ከ14,000 በላይ ለሆኑ ዝርያዎች መግለጫ ጻፈ። መጽሔቱን በራሱ ገንዘብ ያሳትም ነበር። መምህራን የሆናችሁ አንባቢዎች ይህን ልብ እንድትሉ እንፈልጋለን፤ ሰውየው ቤተ ሙከራ አልነበረውም፤ መሣሪያው የእጅ ማጕሊያ መስተዋት ነበር። ክብሩም ጉድለቱም ከዚያው መጣ። ሌሎች ሊቃውንት በመልክ የማይለዩትን ዝርያዎች የመራቢያ አካላቸውን በማይክሮስኮፕ እያዩ መለየት ሲጀምሩ ሜሪክ እስከ ዕለተ ሞቱ እስከ 1938 አሻፈረኝ አለ። ስለዚህም ከርሱ በኋላ አሜሪካዊው ክላርክ በለንደን ሙዚየም የተቀመጡትን የሜሪክን ናሙናዎች አንድ በአንድ እንደ ገና ሲመረምር ከ1955 እስከ 1970 ስምንት ቅጽ አሳተመ። የአንድ ሰው ትርፍ ጊዜ ለሌላው የዕድሜ ሥራ ሆነ።

ሜሪክ በ1917 ከፔሩ ተራሮች፣ ከሁዋንካዮ አካባቢ የመጣ አንድ አመዳማ ዝርያ ተመልክቶ ፍቶሪሜያ አብሶሉታ ብሎ ሰየመው። በዚያን ጊዜ ስሙ ከመጽሐፍ ገጽ አልፎ ማንንም አላሳሰበም። የቼክ ተወላጁ ፖቮልኒ በ1964 ወደ ሌላ ወገን አዛወረው፤ በ1987 እንደ ገና ወደ ሌላ፤ በ1994 ደግሞ ቱታ ወደ ተባለው ወገን አገባው። በ1994 የተሰጠው ስም ዓለምን ዞረ፤ ምክንያቱም ቱታ አብሶሉታ የቲማቲም ጠላት ሆኖ ከደቡብ አሜሪካ ወጥቶ በ2006 ወደ ስፔን ገባ፤ ከዚያም ሜዲትራኒያንን አቋርጦ ወደ አፍሪካ ወረደ፤ በ2012 ግድም አገራችን ደረሰ።

በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች አካባቢ ቲማቲም የሚያለሙ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ቅጠሉን ወደ ፀሐይ አንሥተው ውስጡ የሚንቀሳቀሰውን አረንጓዴ እጭ አሳዩን። «ጌታዬ፣ እኛ መድኃኒቱን የምንረጨው ከላይ ነው፤ እሱ ያለው ከቆዳው ሥር ነው» አሉን። ከዚህ የተሻለ መግለጫ በመጽሐፍም አላገኘንም። ያለ መከላከያ ሲተው ከማሳው ከ80 እስከ 100 ከመቶ ሊያጠፋ ይችላል። ሽማግሌው በማሳቸው ዳር የሰቀሉት ወጥመድ ውስጥ ግን ብዙ ወንዶች ወድቀው ነበር። ወጥመዱ የሴቲቱን ሽታ አስመስሎ በተሠራ ቅመም ይጠራቸዋል፤ እያንዳንዱ ዝርያ የየራሱ ሽታ ስላለው ዝርያውን ያልለየ ሰው የሚሰቅለው ወጥመድ ባዶውን ያድራል። የስም ጉዳይ ከመጽሐፍ ወጥቶ ማሳ ላይ የሚቆመው በዚህ ነው።

በ2021 ቻንግና ሜትዝ የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች አካሉንና የዘር ምልክቱን መርምረው ዝርያው ሜሪክ ወዳስቀመጠበት ወደ ፍቶሪሜያ ይመለስ ብለው ጻፉ። በማጕሊያ መስተዋት ብቻ ያየው መምህር ከ104 ዓመት በኋላ በዚህ አንድ ነገር ተረታ የሚባል አልሆነም። የድንች ጠላት የሆነው ኦፐርኩሌላም የፍቶሪሜያ ወገን ነው። ድንች ወደ አገራችን በ1858 በጀርመናዊው ሺምፐር እንደ ገባ ይነገራል፤ ድንችና ቲማቲምም ራሳቸው የአንድ ተክል ቤተሰብ ናቸው። ዘመዳሞቹ ነፍሳት የዘመዳሞቹን ተክሎች ቤት ተከራይተው ይኖራሉ ማለት ነው። የድንቹን የእሳት ራት ለመከልከል ግን ወጥመድ እንኳ ሳያስፈልግ አፈሩን በሥሩ ላይ በደንብ መኮትኰት ብዙ ይረዳል፤ እንቁላሏን የምትጥለው አፈር ባልሸፈነው ድንች ላይ ነውና።

ስለ ጥጥ ብቻ አንድ ቃል ጨምረን እንለፍ። ገበሬ «ጓይ ትል» ከሚላቸው አንዱ፣ ቀላ ያለው፣ የዚሁ ቤተሰብ ልጅ ነው። በ1844 ከሕንድ በመጣ ናሙና ስም ወጣለት፤ በ1917 ቴክሳስ ገባ፤ ከመቶ ዓመት ልፋት በኋላ በ2018 የአሜሪካ መንግሥት ከጥጥ አውራጃዎቹ መጥፋቱን አስታወቀ። ከዋና ዋናዎቹ መሣሪያዎች መካከል መካን የተደረጉ የእሳት ራቶችን በብዛት መልቀቅና በሴቲቱ ሽታ ማሳከር ነበሩ። ይህም ሁሉ በትክክል የተለየ ዝርያ ይጠይቃል። እህል በሉ ሲቶትሮጋ ደግሞ ተገላቢጦሽ ገጥሞታል፤ ዛሬ በብዙ አገር ሆነ ተብሎ ይረባል፤ ምክንያቱም እንቁላሉ የሌሎች ነፍሳትን እንቁላል የምታጠፋዋን ጥቃቅን ተርብ ለማርባት ይመቻል።

በ2017 የወጣ አንድ ስም አለ። በካሊፎርኒያ የተገኘው ዝርያ በራሱ ላይ ቢጫማ ነጭ ቅርፊቶች ስለነበሩት ኔኦፓልፓ ዶናልድትራምፒ ተባለ። ሰሚው ሳቀ፤ የሰያሚው ሐሳብ ግን የመኖሪያ ቦታው መጠበቅ እንደሚገባው ሰው እንዲያውቅ ነበር። በአውሮፓ፣ ይህ ቤተሰብ ከሁሉ ይልቅ በተመረመረበት አገር እንኳ፣ በ2020 የወጣ የዘር ምልክት ጥናት የዝርያዎቹ ቍጥር እስካሁን ከሚታሰበው በጣም እንደሚበልጥ አሳየ።

እንግዲህ በየትምህርት ቤቱ አንዳንድ መሳቢያ ይኑር እንላለን። ተማሪው በመብራት ሥር ያገኘውን፣ ከጎተራ የወጣውን፣ ከቲማቲም ቅጠል ያሳደገውን በቀጭን መርፌ ይሰካው፤ ከሥሩም ቦታውን፣ ቀኑንና የበላውን ተክል በትንሽ ወረቀት ይጻፍ። ገበሬውም የሚጠራው ስም ካለው እሱ ይቅደም፤ የላቲኑ ከበታች ይጻፍ።