ቀጋና ጦስኝ በሙዳይ

ክረምቱን ሙሉ ተዘግቶ የከረመ የደጋ ቤት ሽታው ይታወቃል፤ እርጥብ ጭቃ፣ ጭስ፣ የከረመ ጋቢ። መስከረም ሲጠባ ሁሉም ቤቱን ያናፍሳል፣ ቄጠማ ይጎዘጉዛል፣ እጣን ያጨሳል። እኔ ዛሬ ላጫውታችሁ የፈለግኩት ግን እሳትም ፍምም ሳይነካው ቤት ስለሚያውድ ነገር ነው። ፈረንጆች ፖትፑሪ ይሉታል። አበባና ቅጠል አድርቀው ይቀምሙና ክፍት ዕቃ ላይ አድርገው ሳሎን ያስቀምጡታል። ዋናው ጽጌረዳ ነው።

ደቡብ ጎንደር ውስጥ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ያላችሁ ደግሞ ጽጌረዳው አጥራችሁ ላይ ነው፤ ቀጋ ማለቴ ነው። እሾሁን እየረገምን፣ ፍሬውን እየለቀምን አደግን፤ አበባውን ግን ልብ የሚለው ጥቂት ነው። ከሰሃራ በታች ባለው አፍሪካ በተፈጥሮ የሚበቅል ብቸኛው የጽጌረዳ ዘር እኮ እሱ ነው! ነጭ አበባው ሲደርቅ ወደ ክሬም ይለወጣል፤ ሽታው ለስላሳ ስለሆነ ለብቻው አይበቃም፣ አጋዥ ይፈልጋል።

አጋዡ ጦስኝ ነው። የጉናን ተራራ የወጣ ሰው ጦስኝን መጀመሪያ በእግሩ ነው የሚያውቀው። ተራራው ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ ውርጭ ላይ ከመሬት ተጣብቆ፣ ቅጠሉ ከምስር ፍሬ ሳይበልጥ ይኖራል። ሲረግጡት ሽታው ይነሳል። አንድ ቀንበጥ ወስዳችሁ በሁለት ጣት አሸት አድርጉት፤ መጀመሪያ አፍንጫ የሚከፍት ኃይለኛ ሽታ ይመጣል፣ ጣታችሁን ቆይታችሁ ስታሸቱት ግን ለዝቦ ይጠብቃችኋል። ታይሞልና ካርቫክሮል የሚባሉት ንጥረ ነገሮች ናቸው ይህን የሚያደርጉት። በሙቀት ይተናሉ፤ ለዚህ ነው ጦስኝ ፀሐይ ላይ የማይሰጣው። ጥላ ውስጥ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ፣ ሰፌድ ላይ ሳሳ አድርጋችሁ በትኑት፤ ስትጨብጡት ከተንኮሻኮሸ ደርሷል።

አንድ ነገር አደራ። ጦስኝ በማጭድ ወይም በመቀስ ጫፉ ይቆረጣል እንጂ አይነቀልም። ከነሥሩ እየነቀሉ በኩንታል የሚጭኑ ሰዎች ሳይ አንጀቴ ያራል። ርብና ጉማራ የሚነሱት ከዚያው ተራራ ነው፤ አፈሩን ይዞ የሚያቆየው ይኸው ከመሬት የተጣበቀ ትንሽ ተክል ነው።

የቀረው ቀላል ነው። አሪቲ ከጓሮ፤ ከሴ ከዱር፣ እናቶቻችን ዕቃ የሚያጥቡበት ማለት ነው። ጥድም ያስፈልጋል፤ ፍሬውና የተላጠ ቅርፊቱ። ጥድ እዚህ አካባቢ ዛሬ በብዛት የቀረው በቤተ ክርስቲያን አጸድ ውስጥ ነው። የደን ተመራማሪው ዶክተር አለማየሁ ዋሴ እ.ኤ.አ. በ2007 ባጠናቀቁት የዶክትሬት ጥናታቸው የደቡብ ጎንደርን 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖች ተመልክተዋል፤ ዙሪያው ሁሉ ሲታረስ አገር በቀሉን ዛፍ ያተረፈው አጸዱ ነው። ስለዚህ ቅርንጫፍ እንዳትሰብሩ፤ የወደቀውንም ቢሆን አስፈቅዳችሁ ልቀሙ።

ልኩን እንዲህ ያዙት፦ ሁለት እፍኝ ጦስኝ፣ ሁለት እፍኝ የቀጋ አበባ፣ አንድ እፍኝ ከሴ፣ ግማሽ እፍኝ አሪቲ፣ ጥዱን እንደ ፍላጎት። አሪቲ ከበዛ ሁሉንም ይውጣል። በላዩ ከርቤ ወቀጥ አድርጋችሁ ቆንጠር ጨምሩ፤ ሽቶ ሠሪዎች ከርቤን የሚወዱት ሌላውን ሽታ ይዞ ስለሚያቆይ ነው። ከዚያ ክዳን ባለው ማሰሮ ውስጥ ሦስት ሳምንት ጨለማ ቦታ ይቀመጥ፣ አልፎ አልፎ ይወዝወዝ። እርጥበት ያለው አንድ ቅጠል ከገባ ሁሉም ይሻግታል። ሲደርስ ሙዳይ ውስጥ አድርጋችሁ ክዳኑን እንግዳ ሲመጣ ክፈቱት። ከዚህ የተሻለ ዕቃ አላውቅለትም፤ የተሰፋበት ሣር ራሱ ይተነፍሳል።

የማታውቁትን ተክል ግን አታግቡ። አስተናግር ለምሳሌ አበባው ያማልላል፤ መርዝ ነው፣ ልጅ ያለበት ቤት ጭራሽ አይገባም። የሙዳዩ ሽታ ሲደክም በእጃችሁ አሸት አድርጉት፣ ይመለሳል። እሱም እምቢ ሲል ከእጣኑ ጋር ፍም ላይ በትኑትና አዲስ ለቀማ ውጡ።