በጥር 23 ቀን ከወዳጆቻችን ጋራ ስለ መገናኘታችን

በአዲስ ቅዳም ተወልደን ያደግን አራት ባልንጀሮች ነን። ልጆች ሳለን በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ፈረሰኞቹ ወደ እንጅባራ ሲያልፉ ከአጥር ላይ ተንጠልጥለን እናይ ነበር። ትምህርታችንን በጨረስንበት ዓመትም «የትም ብንሆን በዚህ ቀን በእንጅባራ ሜዳ እንገናኝ» ተባብለን ቃል ተግባባን። ከዚያ በኋላ እንጀራ በየአገሩ በተነን፤ አንዱ በአዲስ አበባ ነጋዴ፣ አንዱ በባሕር ዳር መምህር፣ አንዱ በደብረ ማርቆስ ጸሐፊ ሲሆን፣ አራተኛው ብቻ በአባቱ መሬት ላይ ቀረ። ቃላችንን ግን ብዙ ዓመት ጠበቅነው።

ውድ አንባቢዎቻችን ሁሉ ይህን በዓል ላያውቁት ይችላሉና ጥቂት እንናገር። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም የኢጣሊያ ጦር ገና ከጎጃም ሳይወጣ መሆኑ ነው። በ1888 ዓ.ም. በአድዋ፣ ኋላም በአምስቱ የአርበኝነት ዓመታት፣ ከሰው ጋራ ዘምተው ከሰው ጋራ የወደቁትን ፈረሶች ማኅበሩ በዚህ ቀን ያስባቸዋል። ወር በገባ በ23 የሚታሰበው ቅዱስ ጊዮርጊስም በሥዕሉ ከነጭ ፈረሱ ተለይቶ ስለማይታይ ቀኑ ለነገሩ የተስማማ ይመስለናል።

አሁን ወደ ራሳችን ነገር እንመለስ። በመካከላችን ጠብ ገብቶ ነበር። በዚያን ዘመን የፋግታ ለኮማን ወረዳ ያየ ሰው ኮረብታው ሁሉ ዲከረንስ በሚሉት ከአውስትራሊያ በመጣ የግራር ወገን ዛፍ ተሸፍኖ እንደ ነበረ ያውቃል። ገበሬው በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መካከል ጤፍ ይዘራ፣ በተከታዩ ሣር ያጭድ፣ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ዛፉን ቆርጦ ያከስለው ነበር፤ ከሰሉም በጆንያ ሆኖ ወደ ከተማ ይጫን ነበር። ገበሬው ወዳጃችን ይህን ሊተክል ሲነሣ ነጋዴው 20,000 ብር አበደረው። ዛፉ ደርሶ ከሰሉም ተሸጠ፤ ነገር ግን በዚያው ወራት አባቱ በጽኑ ታመሙና ገንዘቡ ሁሉ በሐኪም ቤት አለቀ። እርሱም አፍሮ ዝም አለ። ነጋዴው የዝምታውን ምክንያት ሳይጠይቅ በስልክ ክፉ ቃል ተናገረው። ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት በሜዳው ላይ ሦስት ብቻ ሆነን ቆምን፤ ጉግሱም እንደ ቀድሞው አላስደሰተንም።

በ2012 ዓ.ም. በዓሉ 80ኛ ዓመቱ ነበረ፤ ዕለቱም ቅዳሜ ዋለ፤ ለአዲስ ቅዳም ልጆች ይህ ሳይታወቅ የሚያልፍ አይደለም። ስለዚህ እንደምንም ብለን ለመድረስ ቈረጥን። ነጋዴው የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጁን ይዞ ኀሙስ ሌሊት ተነሣ። የተሳፈሩበት አውቶቡስ ግን በዓባይ በረሃ ቁልቁለት ላይ ተበላሽቶ ቀኑን ሙሉ በፀሐይ ዋሉ፤ ሲመሽም በሌላ አውቶቡስ ወጥተው ደጀን አደሩ። ዓርብ ማታ አዲስ ቅዳም ሲወርዱ፣ ለበዓሉ የተሰፋውን ነጭ ልብስ የያዘው ሻንጣ ከአውቶቡሱ ጣራ ላይ እንደ ተጫነ ወደ ባሕር ዳር አለፈ። መምህሩ ደግሞ ከባሕር ዳር መኪና አጥቶ፣ ከሰል አራግፎ በሚመለስ ካሚዮን ላይ ተሳፍሮ በሌሊት ደረሰ። የጸሐፊው እናት በር ከፍተው ባዩት ጊዜ ከሰል ሻጭ መስሏቸው «ዛሬ አንገዛም፤ ልጄ» አሉት። እኛም እስኪያመን ሳቅን።

እኒያው እናት ለሕፃኒቱ በረመጥ የተጠበሰ ድንች እየላጡ በአውኚ ቋንቋ ያጫውቷት ጀመር። ልጅቱም ወደ አባቷ ዞራ «ምን አሉኝ፤ አባዬ?» ብትለው፣ እርሱ ራሱ እኩሌታውን ረስቶት ኖሮ፣ ፊቱ ቀልቶ ወደ እሳቱ አቀረቀረ። የቀረውን ጸሐፊው ተረጐመላት።

በማግሥቱ ማልደን፣ ነጋዴው የተዋሰውን አሮጌ ጋቢ ደርቦ፣ በተከራየናቸው ፈረሶች ተነሣን። ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። የመንገዱ እኩሌታ ላይ ስንደርስ ከነጋዴው ፈረስ ሆድ ሥር የታሰረው የኮርቻ ጠፍር ተበጠሰና ሰውዬው ከነኮርቻው ወደ ጐን ተንከባለለ። ሱሪው ከጕልበቱ ላይ ተቀደደ እንጂ ሌላ ጉዳት አላገኘውም፤ ልጅቱ ከመምህሩ ጋራ ተቀምጣ ነበርና እግዚአብሔር ይመስገን። ጠፍሩን ለመቀጠል ስንታገል ከኋላችን ብዙ ፈረሰኞች እየፎከሩ ደረሱ፤ ከመካከላቸውም አንዱ ከፈረሱ ወረደ። ገበሬው ወዳጃችን ነበረ።

ለጥቂት ጊዜ ማንም አልተናገረም። እርሱም የተበጠሰውን ጠፍር አንሥቶ ተመለከተና፣ «ከተማ ተቀምጠህ ጠፍር ሳይፈተሽ እንደማይወጣ ረሳህ?» አለው። ከዚያም የራሱን ኮርቻ አወረደና ጠፍሩን ፈትቶ በነጋዴው ኮርቻ ላይ አሰረለት፤ ኮርቻውን ለአንድ ጎረቤቱ አሸክሞ እርሱ በባዶ ጀርባ ተቀመጠ። ሕፃኒቱንም ተቀብሎ ከፊቱ አስቀመጣት። «ይህ የአባቴ ፈረስ ነው። መሬቱን ሁሉ ዛፍ ስተክልበት ለእርሱ ብቻ ጥቂት የግጦሽ ሣር አስቀረሁ» አላት። አባቱ ባለፈው ዓመት ማረፋቸውን የሰማነው በዚህ ቃል ነው።

የሜዳውን ነገር በዝርዝር ብንጽፈው ገጹ አይበቃም። ከሰባት ቤት አገው የመጣው ፈረሰኛ በየወገኑ ተሰልፎ፣ ፈረሱን በቀይና በአረንጓዴ ግላስ አስጊጦ፣ ሽማግሌው ከወጣቱ እኩል በሶምሶማ ሲያልፍ ምድሪቱ ከእግራችን በታች ትርገበገብ ነበር። በጉግሱም አንዱ ወገን ሲሸሽ ሌላው በዘንግ ሲያሳድድ፣ የሚሸሸውም ወደ ኋላው ዞሮ በጋሻው ሲመክት፣ ልጅቱ «አያ፣ እኛም እንሩጥ!» እያለች ጮኸች። አያ ማለትን ከማን እንደ ሰማች አናውቅም።

ማታ ወደ አዲስ ቅዳም ተመልሰን ጠላ ስንጠጣ፣ ነጋዴው «አባትህ ሲታመሙ ለምን አልነገርኸኝም?» አለ። ገበሬውም «ከዚያ ቃልህ በኋላ በምን አፌ?» ብሎ መለሰለት። ነጋዴው ተነሥቶ ጕልበቱን ሊስም ጐንበስ ሲል ትከሻውን ይዞ አስቀረው። ቀጥሎም ከመሐረብ ውስጥ 8,000 ብር ፈትቶ በፊቱ አኖረ፤ የቀረውንም በሚመጣው ቁርጥ እንደሚከፍል ተናገረ። ነጋዴው ገንዘቡን ቈጥሮ ተቀበለ። አንዳንድ አንባቢ ይህን እንደ ጭካኔ ይቈጥርበት ይሆናል፤ እኛ ግን ባይቀበለው ኖሮ ወዳጃችንን ከፊተኛው ስድብ ይልቅ ያዋርደው ነበር ብለን እናስባለን።

ሻንጣው ሰኞ ጧት ከባሕር ዳር ተመልሶ መጣ። ነጋዴው ሳይከፍተው ወደ ቆዳ ሠሪው ቤት ሄዶ ሁለት ወፍራም ጠፍር አስቈረጠ፤ አንዱን የፈረሱ ባለቤት ለሆነው ሰው ሰጠ፤ ሁለተኛውን በገበሬው ኮርቻ ላይ በገዛ እጁ አስሮ፣ ሦስት ጊዜ ጐትቶ ፈትሾ፣ ወደ አውቶቡሱ ሮጠ።