በሌሊት የገዛሁት ሽጉጥ

በክርስቲያን መጽሔት ላይ ስለ ሽጉጥ የሚያወራ ሰው ሲገጥማችሁ ሊገርማችሁ ይችላል። እባካችሁ እስከ መጨረሻው ታገሡኝ።

የምኖረው አሜሪካ፣ ቴክሳስ ነው። እዚህ መሣሪያ መያዝ በሕግ የተፈቀደ ነው። እኔን የማረከኝ ግን መተኮሱ ሳይሆን ጥገናው ነበር፤ ከልጅነቴ ጀምሮ የተበላሸ ነገር ፈትቶ መግጠም እወዳለሁ። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1899 ያወጣው፣ ከ1957 ጀምሮ ሞዴል 10 የተባለው ስድስት ጎራሽ ለብዙ ዘመን የፖሊሶች መሣሪያ ነበር። በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ፖሊሶች ወደ ባለ ካዝና ሽጉጥ ሲዞሩ አሮጌዎቹ ለገበያ ወጡ። ቀለማቸው የለቀቀ፣ እጀታቸው የተሰነጠቀ፣ ዛሬም በኢንተርኔት ጨረታ ይሸጣሉ።

ከሌላ ክፍለ ግዛት የተገዛ ሽጉጥ ቤት ድረስ አይመጣም። በ1968 በወጣው ሕግ መሠረት ፈቃድ ወዳለው ነጋዴ ይላካል፤ ገዢውም 4473 የተባለውን ፎርም ሞልቶ፣ የኋላ ታሪኩ ተጣርቶ ይረከባል። ስለዚህ ነጋዴው ያውቅ ነበር፤ መንግሥትም ያውቅ ነበር። የማታውቀው ባለቤቴ ብቻ ነበረች።

እሷ የሌሊት ሥራ ስትገባ ልጆቹን አስተኝቼ እጫረት ነበር። ሌላው አሥር ዶላር ሲጨምር እኔ ሃያ እጨምራለሁ። እንዲህ እያልኩ ሦስት ገዛሁ። ገንዘቡ እናቷን ከአዲስ አበባ ለማምጣት ለቲኬት ያጠራቀምነው ነበር።

ሦስተኛው በፎቶ ሲታይ ያብረቀርቅ ነበር፤ ማስታወቂያው ግን «ባለበት ሁኔታ፣ መመለስ የለም» ይላል። ከተረከብኩ በኋላ ባዶ መሆኑን አይቼ፣ ሲሊንደሩን በጣቴ በስሱ ይዤ መዶሻውን ቀስ ብዬ ወደ ኋላ ሳብኩት። ሲሊንደሩ ቦታው ላይ ደርሶ አልቆለፈም። ሲሊንደሩን የሚገፋው ትንሽ ብረት አልቆ ስለነበር የጥይቱ ቀዳዳና በርሜሉ አይገጥሙም ነበር። እንዲህ ያለ ሽጉጥ ሲተኮስ ጥይቱ የበርሜሉን ጠርዝ ይመታል፤ የእርሳሱ ፍንጣሪም ወደ ጎን ይረጫል።

አንድ ቅዳሜ የመሣሪያ ሣጥኔን ሳልቆልፍ ተውኩት። የዘጠኝ ዓመት ልጃችን ሽጉጡን ይዞ ወደ ማድ ቤት ገባ።

«አባዬ፣ ይሄ የማን ነው?»

ባለቤቴ ምድጃው አጠገብ ደርቃ ቀረች። ከእጁ ተቀብዬ ሲሊንደሩን ከፍቼ አሳየኋት። «ባዶ ነው» አልኩ።

«ባዶ መሆኑን ልጁ ያውቅ ነበር?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። ልጆቹ ከተኙ በኋላ ስለ ሦስቱም፣ ስለ ቲኬቱም ገንዘብ ነገርኳት። አልጮኸችም። «እናቴ ሻንጣዋን አዘጋጅታለች እኮ» ብላ አለቀሰች። ወገኖቼ፣ ከዚያ ጩኸት ይሻለኝ ነበር።

ሦስቱንም ሸጥኩ። የሦስተኛውን ጉድለት ለነጋዴው ስነግረው ከገዛሁበት ግማሽ እንኳ አልሰጠኝም። ዝም ብል ኖሮ ላያውቅ ይችል ነበር፤ ግን መደበቅ ሰልችቶኝ ነበር። አማቴ በስድስት ወር ዘግይተው መጡ። የባለቤቴ አመኔታ የተመለሰው ከዚያም ዘግይቶ ነው፤ እያንዳንዱን ደረሰኝ ጠረጴዛ ላይ እያስቀመጥኩ።

በኢያሱ 7 ላይ አካን በድንኳኑ ውስጥ የቀበረውን ነገር ስናነብ ወርቁንና ብሩን እናያለን። እኔ ግን አሁን የማስበው በዚያ ድንኳን ውስጥ ስለሚተኙት ልጆቹ ነው። አባት የደበቀው ነገር ላይ የሚተኙት እነሱ ናቸውና።

መሣሪያ በቤታችሁ ካለ ቆልፉበት፤ ጥይቱንም ለብቻው ቆልፉ። መሣሪያ የሌላችሁስ? ከትዳር ጓደኛችሁ ተደብቃችሁ በሌሊት የምትገዙት፣ የምታዩት፣ የምትጽፉት ምንድን ነው? ልጃችሁ ይዞት ወደ ማድ ቤት ከመግባቱ በፊት ዛሬ ማታ ተናገሩ። ጌታ ድፍረቱን ይስጣችሁ።