አባባ ለሁለት ወር ዘፈን አልሰሙም

አባባ የሚኖሩት ደብረ ብርሃን ነው፣ እኔ አዲስ አበባ። መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ሰው ሲጠይቀኝ “በየወሩ እሄዳለሁ” እላለሁ፤ እውነቱን ለመናገር ግን በሁለት ወር አንዴም ከሄድኩ ጥሩ ነው።

ባለፈው ስሄድ ቤቱ ጭር ብሎ ጠበቀኝ። የአባባ ቤት ማታ ማታ ጭር አይልም። ጋቢያቸውን ደርበው፣ ራት እስኪቀርብ ጥላሁንን፣ ከራት በኋላ ብዙነሽንና መሐሙድን ይሰማሉ። እማዬ ካረፈች ወዲህ እንቅልፋቸው የሚመጣው በዘፈን ነው።

“አባባ፣ ዛሬ ዘፈን የለም እንዴ?”

“ጆሮዬ ትንሽ ይረፍ ብዬ ነው” አሉኝ፣ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው። አባቴ አርባ ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ድረስ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ ውሸት አይችሉበትም።

ኮምፒዩተሩን የገዛላቸው ወንድሜ ነው፣ በ2001 ዓ.ም. ከአሜሪካ ሲመጣ። ፔንቲየም 4፣ ራሙ 512 ሜጋባይት፣ ዊንዶውስ ኤክስፒ የተጫነበት፣ ሞኒተሩ ከኋላው እንደ ጎታ ያበጠ። የተገዛውም ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነበር፤ በሣጥን ተከማችተው የነበሩትን ካሴቶች ወደ ኮምፒዩተር ለመገልበጥ። የ60 ደቂቃ ካሴት ለመገልበጥ 60 ደቂቃ ይፈጃል፤ አቋራጭ የለውም። ወንድሜ የእረፍት ጊዜውን ቴፑና ኮምፒዩተሩ መሀል ተቀምጦ ጨረሰው። የእያንዳንዱን ፋይል ስም በአማርኛ ጻፈ፤ የዘፋኙን ስም፣ የዘፈኑን ርዕስ፣ “አንደኛ ገጽ”፣ “ሁለተኛ ገጽ” እያለ።

ከካሴቶቹ አንዱ ግን ዘፈን አልነበረም። ፋይሉ “የእማዬ ደብዳቤ” ይላል። ያኔ ውጭ አገር ስልክ መደወል ኪስ ያራቁት ስለነበር፣ ብዙ ቤተሰብ ድምፁን በካሴት ቀርጾ በመንገደኛ ይልክ ነበር። እማዬ በ1988 ዓ.ም. ለወንድሜ የላከችው ነው። አባባ እንጻፍልሽ ሲሏት “የእናንተ ደብዳቤ የእናንተን ነው የሚናገረው” ብላ እምቢ አለች። ወንድሜ ካሴቱን ሲያስቀምጠው ኖሮ፣ ሲመጣ ይዞት መጣ። በ2009 ዓ.ም. እማዬ ስታርፍ፣ ድምጿ የቀረው እዚያ አሮጌ ኮምፒዩተር ውስጥ ብቻ ነበር።

ወደ ጥፋቴ ልመለስ። ከዚያ በፊት በሄድኩበት ጊዜ ኮምፒዩተሩ ከፍላሽ በገባ ቫይረስ ተይዞ ስለነበር ጥገና ቤት ወሰድኩት። ልጁ ፋይሎቹን አትርፎ ዊንዶውሱን እንደገና ጫነው። “እህቴ፣ ይህን ጣይውና ላፕቶፕ ግዢላቸው” የሚል ምክርም በነጻ ጨመረልኝ። ዘፈን ማጫወቻውን ግን ራሴ ልጫን አልኩ፤ መቼም ቢሮ ውስጥ ኮምፒዩተር ስነካ የምውል ሰው ነኝ። የመረጥኩት አዲስና ትልቅ ማጫወቻ ነበር። የዘፋኙን ፎቶ የሚፈልግ፣ የዘፈን መደብር ያለው፣ “አዲስ ቅጂ ወጥቷል” እያለ የሚጨቀጭቅ። ለመከፈት ደቂቃዎች ፈጀ። እንደ ምንም አንድ ዘፈን ሲጀምር “ይኸው አባባ፣ ዘመናዊ ሆነልዎት!” ብዬ ወደ መናኸሪያ ሮጥኩ። ዘፈኑ እስኪያልቅ እንኳ አልጠበቅኩም።

አሁን ራሴ ከፍቼ አየሁት። ስክሪኑ ላይ የአሸዋ ሰዓቷ ቀረች። ዘፈኑ ይጀምራል፣ ይቆረጣል፣ ደግሞ ይጀምራል።

“ለምን አልነገሩኝም?”

“ደክመሽ የሠራሽውን ተበላሸ ልበልሽ? ዕቃውም እንደኔ አርጅቷል ብዬ ተውኩት።”

ሁለት ወር ሙሉ! ያን ቀን ስመለስ በመንገድ ላይ ከማንም ጋር አላወራሁም።

“ስልክ ላይ ጫኝላቸው” ያለኝ ሰው ብዙ ነው። ሞክረናል። የአባባ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ ስልኩ ደግሞ እያንዳንዱን መንቀጥቀጥ እንደ ትእዛዝ ይቆጥረዋል። አንድ ሌሊት በዘጠኝ ሰዓት ደውለውልኝ ደንግጬ ባነሳው፣ ለካ ሊከፍቱ የፈለጉት አስቴርን ነው። ፍላሽ የሚያጫውተው ሬዲዮም የዘፈኑን ስም አያሳይም። አባባ የለመዱት ኮምፒዩተሩን ነው።

አዲስ አበባ ገብቼ ማታ ማታ ማንበብ ጀመርኩ። የገባኝ ነገር ቢኖር ዘፈኑ ራሱ ቀላል መሆኑ ነው። በተለመደው 128 ኪሎቢት የተቀዳ ኤምፒ3 በደቂቃ አንድ ሜጋባይት ገደማ ነው፤ ከአባባ ኮምፒዩተር በብዙ ያነሱ የ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ማሽኖች ሳይቸገሩ ያጫውቱት ነበር። የሚከብደው ጌጡ ነው። ስለዚህ ጌጥ የሌላቸውን፣ ለኤክስፒ የሚሆኑ የቀድሞ ቅጂዎችን ፈልጌ በፍላሽ ይዤ፣ ቅዳሜ ጠዋት ተሳፈርኩ።

መጀመሪያ የሞከርኩት የድሮውን ዊናምፕ ነው፣ ሁለተኛውን ትውልድ። ዩኒቨርሲቲ ያቋረጠው ወጣት ጀስቲን ፍራንክል ከጓደኛው ጋር በ1997 እ.ኤ.አ. ያወጣው ማጫወቻ፣ የኛ ዘመን ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው። ገና ከመንካቴ ተከፈተ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ዘፈኖቹን ሳስገባ ግን ዝርዝሩ በሙሉ የጥያቄ ምልክት ሆነ፤ አንዱም አልጫወት አለ። ነገሩ ወዲያው አልገባኝም። ዊናምፕ 2 የወጣው በ1998 እ.ኤ.አ. ነው፤ የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው ግን በ1999። ፕሮግራሙ ሲጻፍ ፊደላችን ገና ቦታ አልነበረውም! ጥፋቱ የማንም አይደለም።

“ስማቸውን በእንግሊዝኛ ፊደል ልቀይረው?” አልኩ። ከሦስት መቶ በላይ ፋይል ነው።

አባባ ቀና አሉ። “አማርኛ በፈረንጅ ፊደል አላነብም። የወንድምሽንም ልፋት አትንኪ።”

አማርኛ ያስተማሩ ሰው ናቸውና አልተከራከርኳቸውም።

ሁለተኛው ፉባር 2000 ነበር። ቀድሞ ለዊናምፕ ይሠራ የነበረ ፒተር ፓውሎቭስኪ የሚባል ፕሮግራመር በ2002 እ.ኤ.አ. ያወጣው ነው። ሳየው እንዳለፍኩት አልደብቅም፤ መልኩ እንደ መሥሪያ ቤት ፎርም ነው፣ ግራጫ፣ ሥዕል የሌለው። ተከፈተ። ዝርዝሩን አስገባሁ። “ጥላሁን ገሠሠ” የሚለው ስም በገዛ ፊደሉ ወጣ። ዘፈኑም ሳይንተባተብ ፈሰሰ፤ የወሰደው የራም መጠን 20 ሜጋባይት አካባቢ ነበር።

የቀረው ትንሽ ነው። ፊደሉን አተለቅሁት፤ ኮምፒዩተሩ ሲበራ ራሱ እንዲከፈት አደረግሁ፤ ማጫወቻና ማቆሚያ የሚሆኑ ሁለት ቁልፎች ኪቦርዱ ላይ መርጬ አረንጓዴና ቀይ ፕላስተር ለጠፍኩባቸው። ፋይሎቹንም በሁለት ፍላሽ ገለበጥኩ። (ይህን ከዓመታት በፊት ማድረግ ነበረብኝ። ቫይረሱ ፋይሎቹን ቢያጠፋ ኖሮ ምን እል ነበር?)

አባባ ወንበራቸውን ሳቡ። ጥላሁንን ይከፍታሉ ብዬ ስጠብቅ ዝርዝሩን ወደ ታች፣ ወደ ታች አወረዱት። “የእማዬ ደብዳቤ” ላይ ቆሙና አረንጓዴዋን ተጫኑ።

መጀመሪያ የካሴቱ ሽሽታ መጣ። ከዚያ እማዬ። ብርድ እንዳይመታህ፣ ሹራብ ደርብ። የጎረቤታችን ላም መንታ ወለደች። መሀል ላይ ዶሮ ይጮኻል። አባባ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አብረዋት ይላሉ፤ በቃላቸው ያውቁታል። ወደ መጨረሻው ከሩቅ የአንድ ጎልማሳ ድምፅ ተሰማ፤ “ቶሎ በይ እንጂ፣ ካሴቱ ሊያልቅ ነው!”

አባባ ሳቁ። “ያኔም እቸኩል ነበር” አሉ። ከዚያ ግድግዳው ላይ ያለውን ሰዓት አዩና፣ “አንቺስ፣ መኪና እንዳያመልጥሽ?”

“ዛሬ አልሄድም፣ አባባ። ነገ ነው።”

ጋቢያቸውን አስተካከሉ። “እንግዲያው ሁለተኛው ገጽም አለ” አሉና በሚንቀጠቀጥ ጣታቸው አረንጓዴዋን ፈለጉ።