ከዐፄ ፋሲል ግንብ ላይ ጎንደርን ስናይ

በደብረ ታቦር ለምንኖር ቤተ ሰቦች ከፍታ እንግዳ ነገር አይደለም። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ስትሆን፥ በስተ ደቡብ ምሥራቅ ደግሞ ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነው የጉና ተራራ ይታያታል። ስሟም ጌታችን ብርሃነ መለኮቱን ከገለጠበት ተራራ የተወሰደ ስለሆነ፥ ልጆቻችን በየዓመቱ ነሐሴ 13 ቀን ጅራፍ እያጮኹና ሙልሙል እየተቀበሉ ያን ምሥጢር ያስባሉ። ነገር ግን ሰው በእጁ የሠራውን ከፍታ፥ ይኸውም የነገሥታቱን ግንብ፥ ያዩ ዘንድ ስንወድ መንገዳችን ወደ ጎንደር ነው።

በወረታና በአዲስ ዘመን በኩል ተጉዘን እንፍራንዝ ስንደርስ፥ የጉዛራ ግንብ ከኮረብታው ላይ ሆኖ ወደ ጣና ሲመለከት አየነው። ይህም በ16ኛው መቶ ዘመን የነገሡት ዐፄ ሠርፀ ድንግል ያሠሩት ነው ይባላል። ከዚያ በኋላ ከ1624 እስከ 1660 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ፋሲል ጎንደርን ቆርቍረው፥ በአራቱ ማዕዘን ክብ ግንቦች ያሉትን ታላቁን ቤተ መንግሥት አሠሩ። የነገሥታቱን ሕንፃዎች በአንድነት የሚከበው ቅጥር ርዝመቱ 900 ሜትር ያህል ነው። ቦታውም በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ከሰገነቱ ላይ ሆነን ዙሪያውን በተመለከትን ጊዜ፥ ከተማይቱ ከነሰፈሮቿ፥ ከነገበያዋ፥ ከነተራሮቿ በፊታችን ተዘረጋች። በየአቅጣጫው ዛፍ ተሰብስቦ የሚታይበት ሥፍራ ሁሉ ማለት ይቻላል የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው። ስለ አርባ አራቱ ታቦታት ስንነግራቸው፥ ብዙዎቹ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለው እንደ ገና የታነጹ መሆናቸውንም ጨመርንላቸው። ይህን ጊዜ ከልጆቻችን አንዱ፥ «አባባ፥ ማን አቃጠላቸው?» ሲል ጠየቀ።

በ1880 ዓ.ም. የድርቡሽ ጦር በአቡ አንጃ መሪነት ገብቶ ከተማይቱን እንዳቃጠለ፥ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግን እንደ ተረፈች፥ አባቶችም የንብ መንጋ ወጥቶ ጠላትን እንዳባረረ እንደሚተርኩ ነገርነው። በዚህ ላይ ማቆም በቀለለ ነበር፤ ከሩቅ የመጣ ጠላት ያደረገውን መናገር ማንንም አያስጨንቅምና። ነገር ግን እውነቱ በዚያ አያበቃም። በ1859 ዓ.ም. ጎንደርን የዘረፉና አብያተ ክርስቲያናቷን ያቃጠሉ ዐፄ ቴዎድሮስ ናቸው። እኒህም በደብረ ታቦር የተቀመጡት፥ በአጠገባችን በጋፋት ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ያሠሩት፥ ልጆቻችን ስማቸውን በፍቅር የሚጠሩት ንጉሥ ናቸው። በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲነሡም የገዛ ደብረ ታቦራችንን በእሳት አቃጥለው ሄደዋል።

ልጁ ዝም ብሎ ቈየና፥ «እንግዲያ ክፉ ንጉሥ ነበሩ ማለት ነው?» አለን። እኛም መጽሐፍ ቅዱስን አስታወስነው። መዝሙሩ በየቤታችን የሚደገመው ዳዊት ሰው አስገድሏል፤ መጽሐፉም ይህን አልሸሸገም። ነቢዩ ናታንም ንጉሥ ነው ብሎ ሳይፈራ ፊት ለፊት ገሥጾታል። እንዲሁም ቴዎድሮስ በመሳፍንት የተከፋፈለችውን አገር አንድ ለማድረግ ደክመዋል፤ በቍጣቸው ደግሞ ብዙዎችን አስለቅሰዋል። ሁለቱን አንድ ላይ መናገር ንጉሡን መናቅ አይደለም። አንዱን ብቻ መናገር ግን ከሰገነት ላይ ወጥቶ በአንድ ዓይን ብቻ እንደ መመልከት ነው።

ከዚያ ከፍታ ሌላም ነገር አስተዋልን። ግንቡ እሳቱን ተቋቍሞ ቆሟል፤ ሆኖም በአዳራሹ ግብር የሚያገባ፥ ችሎት የሚያስችል ንጉሥ ከጠፋ ብዙ ዘመን ነው። አብያተ ክርስቲያናቱ ግን የተቃጠሉት እንደ ገና ታንጸው ይቀደስባቸዋል። ይህ የሆነው ካህናቱ ዜማውንና ቅዳሴውን በቃል ስለ ያዙ፥ እናቶችና አባቶችም ከአመድ ላይ ቆመው ልጆቻቸውን ስላስተማሩ ነው። ድንጋዩ ያለ ሰው ቆሞ ይኖራል፤ ጸሎት ግን ያለ ሰው አይቆይም።

አንባቢያን ሆይ፥ ዛሬ ብዙዎቻችን ለልጆቻችን ፎቅ ቤት ለማውረስ እንደክማለን፤ ድካሙም የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን የማታ ጸሎት በማይሰማበትና እውነት በማይነገርበት ቤት ያደገ ልጅ የወረሰው ግድግዳ ብቻ ይሆናል። ጴጥሮስ በታቦር ሦስት ዳስ ሠርቶ መቀመጥ ወድዶ ነበር፤ ጌታችን ግን ደቀ መዛሙርቱን ይዞ ወረደ። ከተራራው በታችም ስለ ታመመ ልጁ የሚለምን አንድ አባት አገኙ። የወላጆች ሥራም ያለው ከታች፥ በልጆች ዘንድ ነው። እንግዲህ ልጆቻችንን ወደ ከፍታ እናውጣ፤ ያነጸውንም ያፈረሰውንም እናሳያቸው፤ ከዚያም አብረናቸው ወርደን በቤታችን ለጸሎት እንቁም። ለዚህም አምላከ አበው ይርዳን፤ አሜን።