በእግር የምትዳረስ ከተማ

በአገራችን የመኖሪያ ከተማውን መርጦ የሚኖር ሰው ጥቂት ነው። መምህሩን የምደባ ደብዳቤ፣ የመንግሥት ሠራተኛውን ዝውውር፣ ነጋዴውን ገበያ፣ ገበሬውን መሬቱ ያኖረዋል። እኔም በማስተማር ሥራ ባሳለፍኳቸው ሠላሳ ያህል ዓመታት የት እንደምኖር የሚወስንልኝ ደብዳቤ ነበር። ጡረታ በወጣሁ ጊዜ ምርጫው በእጄ ገባ። የምርጫዬን መለኪያ ያገኘሁት ግን ከባለቤቴ ዓይን ነው።

ግላኮማ የዓይኗን ብርሃን ከዳር ወደ መሐል እያጠበበው ሲሄድ የምንኖረው አዲስ አበባ ነበር። ከቤታችን እስከ ዳቦ ቤቱ ሁለት መቶ እርምጃ አይሞላም፤ ሆኖም በዚያ መካከል ክዳን የሌለው የፍሳሽ ጉድጓድ፣ ለግንባታ የተከመረ አሸዋ፣ የእግረኛውን መንገድ የያዘ መኪናና ማንም ለማንም የማይቆምበት ማቋረጫ ነበሩ። አንድ ቀን፣ «እኔን ያሳወረኝ መንገዱ ነው እንጂ ዓይኔስ ገና አለ» አለችኝ። በመዲናችን ከሚደረገው ጉዞ ከግማሽ የሚበልጠው በእግር መሆኑ የታወቀ ነው። በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» በሚል ስያሜ ጎዳናዎችን በተወሰነ ቀን ከመኪና ነጻ ማድረግ ሲጀመር ደስ ያለን ከዚህ የተነሣ ነበር። ይሁን እንጂ አንድ ቀን ለሰው የተሰጠ መንገድ የቀሩት ቀናት የማን እንደሆኑ መመስከሩ አይቀርም።

በመጀመሪያ ያሰብነው ነቀምትን ነው። ከአዲስ አበባ 330 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ይህች ከተማ ለሥነ ጽሑፍ ሰው የምትናቅ አይደለችም። ኦነሲሞስ ነሲብ በ1899 እ.ኤ.አ. የታተመውን የኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ይዞ ተመልሶ ከአስቴር ጋኖ ጋር ያስተማረው እዚህ ነው። የኩምሳ ሞረዳ ቤተ መንግሥትና የወለጋ ሙዚየምም አሉባት፤ ለእኔ ብቻ ቢሆን ኖሮ እነዚህ ይበቁኝ ነበር። ነገር ግን ነቀምት በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ 75,219 ነዋሪ የተቆጠረባት፣ ዩኒቨርሲቲም ያለባት፣ ዳገትና ቁልቁለት የበዛባት ከተማ ናት። በዓመት ወደ 2,000 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ዝናብ ሲወርድባት ጭቃው ለሚያየውም ሰው ያስቸግራል። ሁለት ወር ተከራይተን ስንቀመጥ ባለቤቴ ያለ ባጃጅ ገበያ የደረሰችበት ቀን አልነበረም።

ከነቀምት ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ከአሥር ኪሎ ሜትር ብዙም ሳይርቅ የዋዩ ቱቃ ወረዳ ዋና ከተማ ጉቴ ትገኛለች። ለወትሮው በአውቶቡስ መስኮት አይቶ ለማለፍ እንኳ ጊዜ የማትሰጥ ናት። ከዳር እስከ ዳር ለመሄድ ግማሽ ሰዓት አልፈጀብኝም። ባለቤቴ በመጀመሪያው ሳምንት ክንዴን ይዛ እየቆጠረች ሄደች፤ ከደጃችን እስከ ዋንዛው ጥላ 90 እርምጃ፣ ከዋንዛው እስከ አስፋልቱ 140፣ አስፋልቱን ተሻግሮ እስከ ወፍጮ ቤቱ 210። ጥላው ፊቷን ሲያቀዘቅዘው ዋንዛው ጋ መድረሷን ታውቃለች። የወፍጮው ድምፅ ቀኟን ከግራዋ ይለይላታል። ቡና የሚቆላበት ቤት አንድ ነው፤ ሽታው ካለፈ ወደ ገበያው መታጠፊያ ነው። በአራተኛው ሳምንት ክንዴን ለቀቀችው። ስትሄድ ሰዎች ከሩቅ «ኣዴ፣ አካም ቡልተኒ» ይሏታል፤ እሷም እያንዳንዱን በድምፁ ለይታ ትመልሳለች። በአዲስ አበባ ጎረቤቶቻችን ማየት እየቻሉ እኛን የማያውቁን እንደነበሩ ስናስታውስ እንስቃለን።

በ1898 እ.ኤ.አ. ኤቤኔዘር ሀዋርድ የተባለው እንግሊዛዊ 32,000 ሰው የሚኖርባትን «የአትክልት ከተማ» በወረቀት ሲነድፍ፣ ከመካከሏ እስከ ዳርቻዋ ያለውን ርቀት ከ1.2 ኪሎ ሜትር እንዳይበልጥ አድርጎ ነበር። እርሱ በኮምፓስ ያሰመረውን ልክ ጉቴ ያለ ነዳፊ አግኝታዋለች፤ እርሻው ከቤቶቹ ጀርባ ይጀምራል፤ ከዚያ ባሻገር የቱቃ ተራራ አለ። ለሠዓሊ የሚመች ብርሃን ከክረምቱ መውጫ በኋላ እዚያ ተራራ ላይ ይወድቃል፤ ይህን የምጽፈው የዚህ መጽሔት አንባቢ የሆኑ ሠዓልያን እንዲቀኑ ነው።

ጉቴን ግን ገነት አላደርጋትም። ሐኪሙም፣ የመጻሕፍት መደብሩም፣ የዓይን ጠብታውም ያሉት ነቀምት ነው። በወለጋ ባለፉት ዓመታት በደረሰው ግጭት ምክንያት መንገድ የሚዘጋበት ቀን አለ፤ በ2012 ዓ.ም. በምዕራብ ኦሮሚያ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጠው ለወራት መቆየታቸውም አይረሳም። እንዲህ ባለ ቀን ሰው ያለው በእግሩ የሚደርስበት ብቻ ነው። ገበያው፣ ወፍጮው፣ ጎረቤቱ በእርምጃ ልክ መሆናቸው የሚያስመሰግነውን ያህል ጠብታው በእርምጃ ልክ አለመሆኑ ያስጨንቃል። ስለዚህ የሁለት ወር ጠብታ አስቀድመን ገዝተን በቀዝቃዛው ጓዳ እናስቀምጣለን። ጠብታው ሲቋረጥ የሚጠፋው ብርሃን ተመልሶ አይመጣምና የጠርሙሶቹን ቁጥር ከእርምጃው ይልቅ እኔ አብዝቼ እቆጥራለሁ።

ሌላው ችግር ያው አስፋልት ነው። ከተማይቱን የወለዳት መንገድ መካከሏን ሰንጥቋት ያልፋል፤ የጭነት መኪናው ከሩቅ ከተማ ወደ ሩቅ ከተማ ሲጓዝ ጉቴ መኖሯን ልብ አይልም። የእግረኛ ማቋረጫ ቀለም ቢቀባ፣ ሁለት የፍጥነት መቀነሻ ጉብታዎች ቢሠሩ ወጪው ምን ያህል ይሆን ነበር? ለጊዜው ባለቤቴ 230ኛው እርምጃ ላይ ቆማ በትሯን ከፊቷ ትተክላለች። ከትምህርት ቤት የሚመለስ ልጅ መጥቶ እጇን ይይዛል፤ ከማዶ ሲደርሱ ትመርቀውና ትለቀዋለች፤ ከዚያ 210ሩን እርምጃ ብቻዋን ትቆጥራለች።